የወተቱ ሕመም፤ የወይዘሮ ናንሲ ሃንክስ ሊንከን ሕይወትና ሞት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ታላላቅ ሰዎች በሚጻፍ ታሪክ ውስጥ እናቶች የሚያገኙት ቦታ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ልጁ ሲወለድ ይጠቀሳሉ፤ በሞቱም ጊዜ ልጁ ምን ያህል እንዳዘነ ለመግለጥ ያህል ስማቸው እንደ ገና ይነሣል። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ የልጁ ነው። የዛሬው ንግግር ይህን ልማድ ገልብጦ ልጁን ወደ ጎን በማቆየት ስለ እናቲቱ ይናገራል። እናቲቱ ወይዘሮ ናንሲ ሃንክስ ሊንከን ይባላሉ። ልጃቸው አብርሃም ሊንከን በኋላ የአሜሪካ 16ኛ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። እርሳቸው ግን ይህን ሳያዩ፣ በመካከለኛው ምዕራብ አሜሪካ ጫካ ውስጥ፣ በኢንዲያና ግዛት፣ በ34 ዓመታቸው አርፈዋል።

ይህ ጉዳይ በእንስሳትና በሰው ጤና ሞያ ላይ በተሰማሩ ሰዎች ጉባኤ ፊት መቅረቡ የፕሬዚዳንት እናት ከመሆናቸው የተነሣ አይደለም። የገደላቸው በሽታ ከላም ወተት የመጣ ነበር። ምክንያቱ በሳይንስ ሚዛን ተመዝኖ እስኪረጋገጥ ድረስ ከሞታቸው በኋላ 110 ዓመት ፈጅቷል። ከዚህም ረጅም ዘመን ውስጥ ብዙው የባከነው ምስጢሩን የሚያውቅ ጠፍቶ ሳይሆን፣ የሚያውቁትን የሚሰማ ታጥቶ ነው። ለባለሞያ ሁሉ መማሪያ የሚሆነውም ይኸው ነው። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሞ መግለጥ ይገባል።

ከቨርጂንያ እስከ ኬንታኪ

ወይዘሮ ናንሲ የተወለዱት በ1784 ገደማ በቨርጂንያ ነው። እናታቸው ሉሲ ሃንክስ ይባሉ ነበር፤ አባታቸው ማን እንደ ነበሩ ግን የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ድረስ ያልተስማሙበት ጉዳይ ነው። ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ መሆናቸውን ልጃቸው አብርሃም ለጥብቅና ሸሪካቸው ለዊልያም ሄርንደን በምስጢር እንዳጫወቷቸው ሄርንደን ጽፈዋል። በዚያ ዘመን በነበረው የገጠር ኅብረተ ሰብ ዘንድ እንዲህ ያለው ልደት በሴት ልጅ ላይ የሚያጠላው ጥላ ቀላል አልነበረም። ገና በሕፃንነታቸው ዘመዶቻቸው ተራራውን ተሻግረው ወደ ኬንታኪ ሲሰደዱ አብረው ሄዱ፤ በዚያም በአክስታቸው በኤልሳቤጥ ስፓሮውና በባላቸው በቶማስ ስፓሮው ቤት አደጉ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ለወይዘሮ ናንሲ እንደ እናትና እንደ አባት ስለ ነበሩ፣ ስማቸው ወደ ኋላ በሌላ ምክንያት ተመልሶ ይነሣል።

መልካቸውን የሚያሳይ በሕይወት ሳሉ የተሣለ ሥዕል የለም። የሚያውቋቸው ሰዎች ከብዙ ዓመት በኋላ ተጠይቀው የሰጡት ቃል ግን ቁመታቸው ዘለግ፣ ሰውነታቸው ቀጠን ያለ፣ አስተዋይና ልበ ሩኅሩኅ፣ በፊታቸውም ላይ የሐዘን ጥላ የማይጠፋ ሴት እንደ ነበሩ ይገልጣል። በልብስ ስፌት እጃቸው የታወቀ ነበር። ማንበብ ይችሉ ነበር፤ መጻፍ ግን ስላልተማሩ በሰነድ ላይ የሚፈርሙት ምልክት በማድረግ ነበር።

ጁን 12 ቀን 1806 በኬንታኪ፣ በዋሺንግተን አውራጃ፣ ቄስ ጄሲ ሄድ በተባሉ የሜቶዲስት አገልጋይ ፊት ከአናጢውና ከገበሬው ከቶማስ ሊንከን ጋር ተጋቡ። በ1807 ሴት ልጃቸው ሣራ ተወለደች፤ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1809 አብርሃም ተወለደ፤ ቶማስ የተባለው ሦስተኛው ልጃቸው በሕፃንነቱ ሞተ። ይህን ሕፃን ቀብረው ወደ ሌላ አገር መሄድ የወይዘሮ ናንሲ ዕጣ ነበር።

የሊንከን ቤተ ሰብ በኬንታኪ ሳለ ባርነትን ከሚነቅፉት ባፕቲስቶች ጋር ይቆጠር ነበር። በዚያ አገር የነበሩት የባፕቲስት ምእመናን በባርነት ጉዳይ እርስ በርሳቸው ተከፋፍለው ነበርና፣ የሊንከን ቤት ሰዎች ድኾችና ቁጥራቸው አነስተኛ ወደ ነበረው ወገን አዘነበሉ። የወይዘሮ ናንሲ እምነት ከዚህ ቦታ የበቀለ ነው። ሃይማኖታቸው ጌጠኛ ሕንፃ፣ መዘምራንና የተማረ ካህን አልነበረውም፤ የነበረው አንድ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የጎረቤት ጸሎትና አልፎ አልፎ በፈረስ የሚመጣ ሰባኪ ነበር።

በኢንዲያና ጫካ

በዲሴምበር 1816፣ ኢንዲያና 19ኛዋ የኅብረቱ ግዛት በሆነችበት ወር፣ ቤተ ሰቡ የኦሃዮን ወንዝ ተሻግሮ ሊትል ፒጅን ክሪክ በተባለው ሰፈር ሠፈረ። ለመሰደዳቸው ሁለት ምክንያት ነበር። በመጀመሪያ፣ በኬንታኪ የመሬት ባለቤትነት ሰነድ እጅግ የተወሳሰበ ስለ ነበር ቶማስ ሊንከን በገዙት መሬት ላይ ደጋግመው ተከራክረው ተሸንፈዋል። ሁለተኛው ባርነት ነው። ከኦሃዮ ወንዝ በስተ ሰሜን በነበረው አገር ባርነት በ1787 በወጣው ሕግ ተከልክሎ ነበር። አብርሃም ሊንከን ራሳቸው በ1860 ስለ ሕይወታቸው ባጭሩ ሲጽፉ ሁለቱንም ምክንያት ጠቅሰው፣ ዋናው ግን የመሬቱ ሰነድ ጉዳይ እንደ ነበር ገልጠዋል።

ቶማስ ሊንከን በ1817 የ160 ኤከር መሬት፣ ማለት 65 ሄክታር የሚያህል፣ በስማቸው አስመዘገቡ። መሬቱ ግን በወረቀት እንጂ በሞፈር ገና አልተያዘም፤ ከዳር እስከ ዳር ጥቅጥቅ ያለ ደን ነበር። እንደሚነገረው በመጀመሪያው ክረምት የኖሩት ሦስት ወገኑ ብቻ ተከልሎ አራተኛው ወገን ለእሳት በተተወ ዳስ ውስጥ ነው። ከዚያም ከግንድ የተሠራ ጎጆ ቆመ። ባልና ልጅ ዛፍ ሲቈርጡ፣ ወይዘሮ ናንሲ ከልጃቸው ከሣራ ጋር የቤቱን ሥራ ይሠራሉ። በእንዲህ ያለ ሰፈር የምትኖር እናት የቀን ሥራዋ የእኛም አገር ገበሬ ሴት አንድ በአንድ የምታውቀው ነው፤ ውሃ መቅዳት፣ በቆሎ መፍጨት፣ መፍተል፣ መሸመን፣ መስፋት፣ ላም ማለብ፣ ወተት ማርጋት፣ ቅቤ መናጥ። ወተትና ቅቤ ለልጆች ከሥጋና ከበቆሎ ቂጣ ጋር የዕለት ምግብ ነበሩ።

ማታ ማታ ከምድጃው ብርሃን አጠገብ ወይዘሮ ናንሲ ለልጆቻቸው መጽሐፍ ቅዱስ ያነቡላቸው ነበር። ይህን የመሰከሩት በዚያ ቤት አብረው የኖሩት ዘመዳቸው ዴኒስ ሃንክስ ናቸው። የሰፈሩ ባፕቲስቶች በማኅበር ቢጠራሩም፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሕንፃ የተሠራው ወይዘሮ ናንሲ ካረፉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፤ ሥራውንም ከመሩት አናጢዎች አንዱ ባለቤታቸው ቶማስ ነበሩ። ስለዚህ በኢንዲያና በኖሩበት ጊዜ ሁሉ ቤተ ክርስቲያናቸው ያ የግንድ ጎጆ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1817 መጸው ያሳደጓቸው ቶማስና ኤልሳቤጥ ስፓሮው ከዴኒስ ሃንክስ ጋር ከኬንታኪ መጥተው በአጠገባቸው ሠፈሩ። ዘመድ ከዘመድ ጋር ሲገናኝ ጫካው ጥቂት የተገፋ መሰለ። ወይዘሮ ናንሲ በሕይወታቸው ዘመን ምናልባት ያን ጊዜ ያህል የተረጋጋ ወራት አላዩም። የቆየው ግን ለአንድ ዓመት ያህል ብቻ ነው።

የመስከረም ወር

በ1818 የበጋው ማለቂያ ላይ በሊትል ፒጅን ክሪክ ሰዎች መታመም ጀመሩ። ወሩ ሴፕቴምበር ነው። በእኛ አገር መስከረም ሲጠባ ሣሩ ለምልሞ ላሞች ወተት የሚያዘንቡበት፣ አደይ አበባ ሜዳውን የሚያለብስበት ጊዜ ነው። በዚያ አገር ግን በተቃራኒው ሜዳው በበጋው ፀሐይ ደርቆ ከብቱ ለግጦሽ ወደ ጫካው ጥላ ዘልቆ የሚገባበት ወር ነበር።

በመጀመሪያ የወደቁት ስፓሮዎቹ ናቸው። ድካም ያዛቸው፤ የምግብ ፍላጎታቸው ጠፋ፤ ማስታወክ፣ የሆድ ቁርጠትና ድርቀት ተከተለ። የሰፈሩ ሰው ምልክቱን ያውቀዋል፤ ስሙንም ‹የወተት ሕመም› ይለዋል። ሐኪም የሚገኘው ከሠላሳ ማይል በላይ ርቆ እንደ ነበር ይነገራል፤ ቢገኝም እንኳ በዚያ ዘመን ለዚህ በሽታ መድኃኒት የሚያውቅ ሐኪም አልነበረም። ወይዘሮ ናንሲ አሳዳጊዎቻቸውን አስታመሙ። ሁለቱም ሞቱ። ቀጥሎም የጎረቤታቸው የፒተር ብሩነር ባለቤት ታመሙ፤ ወይዘሮ ናንሲ እየተመላለሱ እርሳቸውንም አስታመሙ፤ እርሳቸውም ሞቱ። ከዚህ በኋላ ተራው የራሳቸው ሆነ።

የታመሙት ለአንድ ሳምንት ያህል ነበር። ዴኒስ ሃንክስ ከብዙ ዓመት በኋላ በሰጡት ቃል፣ ሞታቸው መቃረቡን ባወቁ ጊዜ ልጆቻቸውን ወደ አልጋቸው ጠርተው ለአባታቸው፣ እርስ በርሳቸውና ለሰው ሁሉ መልካም እንዲሆኑ፣ እግዚአብሔርንም እንዲያመልኩ እንደ መከሯቸው ተናግረዋል። ኦክቶበር 5 ቀን 1818 አረፉ። ይኸውም በእኛ አቆጣጠር በመስከረም ወር ማለቂያ ላይ መሆኑ ነው። ሣራ 11 ዓመቷ፣ አብርሃም 9 ዓመቱ ነበር።

የሬሳ ሣጥኑን የሠሩት ባለቤታቸው ናቸው። ሳንቃውን ለማያያዝ የሚያገለግለውን የእንጨት ችካል እየጠረበ ያቀበላቸው የ9 ዓመቱ ልጅ እንደ ነበር በሰፊው ይነገራል። ከጎጆው ብዙ ሳይርቅ በኮረብታ ላይ፣ ከስፓሮዎቹ አጠገብ ቀበሯቸው። በቀብሩ ላይ ሰባኪ አልተገኘም። በቤተ ሰቡ ዘንድ ሲወርድ የቆየው ታሪክ እንደሚለው፣ ከወራት በኋላ ዴቪድ ኤልኪን የተባሉ የኬንታኪ ባፕቲስት ሰባኪ መጥተው በመቃብሩ ላይ የፍትሐቱን ስብከት አደረጉ። በሃይማኖታቸው የጸኑት እናት የቀብር ጸሎታቸውን ያገኙት መቃብራቸው ሣር ካበቀለ በኋላ ነበር።

እናት ከሞተች በኋላ ያለው ቤት ምን እንደሚመስል ለማንም አይጠፋም። የ11 ዓመቷ ሣራ የቤቱ እመቤት ሆነች። አባትየው ከዓመት በላይ ታግሠው በዲሴምበር 1819 ወደ ኬንታኪ ሄዱና ሣራ ቡሽ ጆንስተን የተባሉትን ባል የሞተባቸውን ሴት ከሦስት ልጆቻቸው ጋር አግብተው ተመለሱ። እኒህ የእንጀራ እናት ደግ ነበሩና ቤቱ እንደ ገና ቆመ። የወይዘሮ ናንሲ ልጅ ሣራ ግን አግብታ በ1828 በወሊድ ምክንያት በ20 ዓመቷ ሞተች። በ1830 ቤተ ሰቡ ኢንዲያናን ትቶ ወደ ኢሊኖይ ሲሄድ፣ ካሰደዱት ምክንያቶች አንዱ የወተት ሕመም እንደ ገና ይመጣል የሚለው ፍርሃት እንደ ነበር ዴኒስ ሃንክስ መስክረዋል።

ምክንያቱ

የወይዘሮ ናንሲን ሞት በሚተርኩ መጻሕፍት ውስጥ አንድ የሚያሳዝን፣ ነገር ግን ያልተጣራ አሳብ ደጋግሞ ይታያል። ይኸውም ጎረቤቶቻቸውን ሲያስታምሙ በሽታው ተጋባባቸው፣ ቸርነታቸው ገደላቸው የሚለው ነው። ይህ እውነት አይደለም። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ታማሚዎቹና አስታማሚዋ በአንድ ነገር ተባብረው ነበር፤ ላሞቻቸው በአንድ ጫካ ይግጡ ነበር።

በዚያ ጫካ ጥላ ውስጥ የአገሩ ሰዎች ‹ነጭ የእባብ ሥር› የሚሉት፣ በሳይንስ ስሙ አጀራቲና አልቲሲማ የተባለ፣ ነጫጭ አበባ የሚያብብ ተክል ይበቅላል። ከኑግና ከአደይ አበባ ጋር በአንድ ሰፊ የዕፀዋት ቤተ ሰብ የሚመደብ ነው። ከብቶች ሌላ ግጦሽ ካላጡ በቀር አይመርጡትም። በጋው በበረታ ጊዜ ግን ሣሩ ሲደርቅ ይህ ተክል በጥላው ውስጥ ለምልሞ ይቆያል። የመጀመሪያዎቹ ሠፋሪዎች አጥር የሚያጥሩት ለእርሻቸው እንጂ ለከብቶቻቸው ስላልነበረ፣ ላሞች እንደ ልባቸው በጫካ ይዘዋወሩ ነበር።

የተክሉ መርዝ በስብ የሚሟሟ ስለ ሆነ ከወተቱ ጋር ይወጣል፤ በቅቤም ውስጥ ይገኛል። የነገሩ ተንኰል ያለው እዚህ ላይ ነው። የማትታለብ ላም፣ ፈረስና በግ ተክሉን ሲበሉ ይንቀጠቀጡና ይወድቃሉ፤ ስለዚህም የአገሩ ገበሬ የከብቱን በሽታ ‹መንቀጥቀጥ› ይለው ነበር። የምትታለበው ላም ግን መርዙን በወተቷ እያስወጣች ራሷ ጤነኛ መስላ ልትቆይ ትችላለች። የሚታመመው ጥጃዋና ወተቷን የሚጠጣው ሰው ነው። በሰው ሰውነት ውስጥ መርዙ የኃይል ምንጭ የሆነውን የምግብ አጠቃቀም ሥርዓት ያውካል፤ ደም በአሲድ ይበከላል፤ እስትንፋስ አሴቶን አሴቶን ይሸታል፤ በመጨረሻም ሕሊና መሳትና ሞት ይከተላል። ለደከመ በሽተኛ ወተት ማቅረብ በየትም አገር የእናት ልማድ ነውና፣ በሊትል ፒጅን ክሪክ ጎጆዎችም የወደቁት ሰዎች ከዚያው ወተት ተጎንጭተው ይሆናል። እንዲህ ከሆነ በደግነት የቀረበው ጽዋ በሽታውን አባብሷል ማለት ነው። ይህን ለማወቅ የሚያስችል ዕውቀት ግን በዚያ ጎጆ ሊገኝ አይችልም ነበር።

የዘገየው ዕውቀት

በሽታው ከወተት መሆኑን ሕዝቡ ያውቅ እንደ ነበር ስሙ ራሱ ይመሰክራል። የጎደለው፣ ወተቱን የመረዘው ምን እንደ ሆነ ማወቅ ነበር። አንዳንዱ ከመሬት የሚወጣ ክፉ እንፋሎት፣ ሌላው በጤዛ ላይ የሚያርፍ መርዝ፣ ሌላው የማዕድን ብናኝ ነው ይል ነበር።

በደቡብ ምሥራቅ ኢሊኖይ፣ በሃርዲን አውራጃ፣ አና ፒርስ ሆብስ የተባሉ፣ በኋላ አና ቢክስቢ ተብለው የታወቁ አዋላጅና የመንደር ሐኪም ነበሩ። ታሪካቸው ለረጅም ዘመን በአፍ ሲተላለፍ የቆየ ስለ ሆነ አፈ ታሪክ ሳይቀላቀልበት አልቀረም፤ ፍሬ ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ወይዘሮ አና በሽታው የሚነሣው በበጋ ማለቂያ፣ የሚቆመውም ውርጭ ሲወርድ መሆኑን ልብ አሉ። ስለዚህ ምክንያቱ ውርጭ የሚገድለው ቅጠል መሆን አለበት ብለው ላሞቹን ተከትለው ወደ ጫካ ገቡ። በዚያም፣ ሕዝባቸው ከአገሩ እየተነቀለ በነበረበት በ1830ዎቹ ዓመታት፣ የሾኒ ነገድ የሆኑ አንዲት አሮጊት አግኝተው ነጩን የእባብ ሥር አሳዩዋቸው። ወይዘሮ አና ተክሉን ለጥጃ አብልተው ሲንቀጠቀጥ አዩ፤ ከዚያም ጎረቤቶቻቸውን አስተባብረው ተክሉን ከነሥሩ አስነቀሉ። የሾኒዋን እናት ስም መዝግቦ ያቆየ አልተገኘም።

በኦሃዮ ግዛት በፋዬት አውራጃ ደግሞ ጆን ሮው የተባሉ ገበሬ በ1830ዎቹ መጨረሻ ተክሉን ለከብት አብልተው መንቀጥቀጥ እንደሚያስከትል ይፋ አደረጉ። የሲንሲናቲው ዶክተር ዳንኤል ድሬክ በዚያ ዘመን በምዕራቡ አገር ከነበሩት ሐኪሞች ሁሉ የታወቁ ነበሩ፤ የሕክምና ትምህርት ቤት መሥርተዋል፤ በአገሩ ሁሉ እየተዘዋወሩ በሽታዎችን ያጠኑ ትጉህ ሰው ነበሩ። ይሁን እንጂ በ1841 ስለ ወተት ሕመም ባሳተሙት ጽሑፍ የሮውን ማስረጃ ሳይቀበሉት ቀርተው፣ ጥርጣሬያቸውን ሰውነትን በሚያሳክክ ሌላ የጫካ ሐረግ ላይ ጣሉ። ድሬክ ክፉ ወይም ሰነፍ ሐኪም አልነበሩም። የተሳሳቱት ጥሩ ጥያቄ ይዘው ከሄዱ በኋላ የገበሬውን መልስ በገበሬነቱ ስለ መዘኑት ነው። የእርሳቸው ዝና ታላቅ እንደ መሆኑ መጠን ስሕተታቸውም ረጅም ጥላ ጣለ።

ከዚያ በኋላ የጀርም ሳይንስ ዘመን መጣ። አዲሱ ዕውቀት ብዙ በሽታዎችን ስለ ፈታ፣ ለወተት ሕመምም ጀርም ተፈለገለት፤ በ1909 ሁለት የቺካጎ ተመራማሪዎች ምክንያቱ ባክቴሪያ ነው ብለው አሳተሙ። ትልቅ መሣሪያ በእጁ የያዘ ሰው ነገሩን ሁሉ በዚያ መሣሪያ ሊፈታው ይከጅላል። በዚሁ ዘመን ግን ኤድዊን ሞስሊ የተባሉ የኦሃዮ መምህር ተክሉን ለእንስሳት እያበሉ ለዓመታት ትዕግሥት የሞላበት ሙከራ ሲያደርጉ ቆዩ። በመጨረሻ በ1928 የአሜሪካ እርሻ ሚኒስቴር ኬሚስት ጄምስ ካውች መርዙን ከተክሉ ለይተው አወጡና ትሬሜቶል የሚል ስም ሰጡት። በኋላ በተደረገ ምርምር ትሬሜቶል አንድ ንጥረ ነገር ሳይሆን የልዩ ልዩ ውህዶች ቅልቅል መሆኑ ታውቋል።

ካውች ውጤታቸውን ሲያወጡ ግን በሽታው ራሱ አብዛኛውን አገር ለቅቆ ነበር። ጫካው ተመንጥሯል፤ ግጦሹ ታጥሯል፤ ወተትም ከብዙ ገበሬዎች እየተሰበሰበ ሲቀላቀል መርዙ እየቀጠነ ሄዷል። ሳይንስ ደርሶ በሩን ሲከፍት ታማሚው ከቤት የለም። በመካከሉ ያለቁት ሰዎች ግን ለዚህ መዘግየት ዋጋ ከፍለዋል።

ለሞያው የተረፈ ትምህርት

ከዚህ ታሪክ ተነሥቶ ገበሬ ሁልጊዜ ትክክል ነው፣ ምሁር ሁልጊዜ ይሳሳታል ማለት ሌላ ስሕተት ይሆናል። የእንፋሎቱን፣ የጤዛውንና የማዕድኑን አሳብ ያመነጨውም ያው ሕዝብ ነው። የሾኒዋ እናት ያወቁት፣ ወይዘሮ አና በጥጃ የፈተኑት፣ ካውችም በቤተ ሙከራ የለዩት አንድ ነገር ነው። ሦስቱ በአንድ ገበታ ቢቀርቡ ኖሮ የዘጠና ዓመት መንገድ በጥቂት ዓመታት ያልቅ ነበር። ያራራቃቸው የዕውቀት ማነስ ሳይሆን የክብር ልዩነት ነበር፤ አንዷ ከአገሯ የተነቀለች፣ ሌላዋ የመንደር አዋላጅ፣ ሦስተኛው ገበሬ በመሆናቸው ቃላቸው ወደ ሐኪሞቹ ጉባኤ አልገባም።

ይህ ጉዳይ ለአገራችን ባለሞያ እንግዳ አይደለም። የጓያን ነገር መጥቀስ ይበቃል። እህል በጠፋበት ዓመት ጓያን ለብቻው አብዝቶ የበላ ሰው እግሩ እንደሚሽመደመድ የደጋው ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ከዚሁ ጋር የጓያው እንፋሎት ያሽመደምዳል የሚል እምነትም አብሮ ኖሯል። ሳይንስ የመጀመሪያውን አጽንቶ በፍሬው ውስጥ ያለውን መርዝ ለየ፤ ሁለተኛውን ግን መሠረት የሌለው ሆኖ አገኘው። ሁለቱን ለመለየት ግን በመጀመሪያ ሁለቱንም መስማት ያስፈልግ ነበር። በሰሜን ምዕራብ ትግራይም ከ2001 ወዲህ በአንዳንድ መንደሮች ሆድ እየነፋ ሰው የገደለው የጉበት በሽታ፣ እንደ ተላላፊ በሽታ ሲጠረጠር ቆይቶ፣ ምርምሩ በመጨረሻ ጣቱን የቀሰረው በተለይ እህልን በሚበክል አጀራቱም በተባለ አረም ላይ ነው። ይህ አረም ከነጩ የእባብ ሥር ጋር የቅርብ ዝምድና አለው።

ስለዚህ ባለሞያው ወደ በረት ሲሄድ ከላሚቱ በፊት የምታልባትን ሴት መጠየቅ ይገባዋል። በየትኛው ወር ይጀምራል? ዝናቡ ሲቀር ላሞቹ ወዴት ይሄዳሉ? ጥጃው መቼ ተንቀጠቀጠ? እንዲህ ያለው ጥያቄ መሣሪያና በጀት አይፈልግም፤ የሚፈልገው መልሱን ጽፎ መያዝና ሳይንቁ መፈተን ብቻ ነው። የምታልበዋ ሴት የላሟን ጠባይ የምታውቀው በየቀኑ፣ ጧትና ማታ ነው። ሐኪሙ ግን የሚያያት አንድ ቀን ነው።

የተከበራችሁ የሞያ ባልደረቦች፤

የወይዘሮ ናንሲ መቃብር ከስድሳ ዓመት በላይ የሚገባው የድንጋይ ምልክት ሳይቆምለት ኖረ። በ1879 ስቱድቤከር የተባሉ የሳውዝ ቤንድ ከተማ ባለ ፋብሪካ የዕብነ በረድ ድንጋይ አቆሙለት። በ1962 ቦታው በአሜሪካ መንግሥት የሚጠበቅ ብሔራዊ መታሰቢያ ሆነ። ድንጋዩ የፕሬዚዳንት እናት መሆናቸውን ይናገራል። በአካባቢው ግን በዚያው ዓመት፣ በዚያው ወተት የሞቱ ሌሎችም ተቀብረዋል፤ ከእነርሱም መካከል እርሳቸው እስከ መጨረሻ ያስታመሟቸው ጎረቤታቸው ይገኛሉ።

ወይዘሮ ናንሲ በእምነታቸው የታመመውን ጠየቁ፣ የደከመውን አነሡ፣ ልጆቻቸውን ባርከው አለፉ። እርሳቸው ማድረግ የሚችሉትን ሁሉ አድርገዋል። ያልተደረገው የሞያው ድርሻ ነበር። ዛሬም በማናቸውም ጎጆ እናት ለልጇ የምታቀርበው ወተት ንጹሕ ይሆን ዘንድ መትጋት፣ እናቲቱ ስለ ላሟ የምትናገረውንም ጆሮ ሰጥቶ መስማት፣ የዚህ ማኅበር አባላት የዕለት ሥራ ነው።